ያልታጠበው ሸሚዝ

ዘርፈሽ የድስት ክዳን በማማሰያ እየደበደበች በጓሮ በር ስትወጣ አጋዘኑ አንገቱን እንኳ ቀና አላደረገም። ጎህ ገና መቅደዱ ነበር። ከመንደሪኖቹ መሀል ቆሞ፣ የተጠማዘዘ ቀንዱን ወደ ኋላ አጋድሞ፣ የሦስተኛውን ዛፍ ቀንበጥ ከነአበባው ይቀነጥሳል። ድንጋይ ወረወረችበት፤ ሳተችው። ክዳኑንም ድንጋዩንም ከምንም አልቆጠረም። እሷ ራሷ አሥር እርምጃ ያህል ስትጠጋው ግን አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና አጥሩን ዘለለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከተራራው ግርጌ እየቆረጠች የጎተተችው፣ ክንዷን የቧጠጣት የግራር እሾህ ለሱ ደፍ የመሻገር ያህል ነበር።

ክዳኑን መሬት ላይ ጣለችና ዛፎቹን አየች። ስድስት ናቸው። ሁለቱን ባለፈው ሳምንት ራቁታቸውን አስቀርቷቸዋል፤ ዛሬ ሦስተኛው ተጨመረ። አበባ የያዙ ሦስት ቀሩ።

ቤቷ የድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ጥላማ መንገዶች አልቀው ተራራው በሚጀምርበት፣ ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አፋፍ ላይ ነው። በጋው ሲጠና ተራራው ላይ ያለው ቅጠል ይደርቅና አውሬው ለምለም ፍለጋ ይወርዳል። ለምለም ያለው ደግሞ እሷ ጓሮ ነው። ዘርፈሽ ልብስ አጣቢ ናት። የከዚራ ቪላዎችን አንሶላና ሸሚዝ ስታጥብና ስትተኩስ ትውላለች፤ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ አንድ ባልዲ ሳታባክን ለስድስቱ ዛፎች እኩል ታካፍላለች። በሰው ልብስ ውሃ ያደጉ መንደሪኖች ናቸው።

የተከላቸው ባሏ ወልደጻድቅ ነው። በከሰሉ ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ነበር። የናፍጣው ባቡር መጥቶ እሳት የሚያነድ ሰው አያስፈልግም ሲባል፣ ጅቡቲ ወደብ ሥራ አለ ብለውት ሄደ። ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው ችግኞቹን ከየት እንዳመጣቸው እንጃ፣ ስድስቱንም ተከለ። "ፍሬያቸውን አብረን እንበላለን" አላት። "አራት ዓመት ይፈጃሉ እኮ" ስትለው፣ "አራት ዓመት ምን አላት? አንቺ ውሃ አጠጪ፣ እኔ እመጣለሁ" ብሎ ሳቀ። መጀመሪያ ላይ በየወሩ ደብዳቤ ይልክ ነበር። ኋላ በየሦስት ወሩ ሆነ፣ ከዚያ ዝም አለ። ከጅቡቲ የሚመጡትን የባቡር ሰዎች ጠይቂ የሚሏት ነበሩ። አልጠየቀችም። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል።

ዘንድሮ አራተኛ ዓመቱ ነው። መንደሪኖቹም ቀጠሮ እንዳለበት ሰው በየካቲት አበቡ። ዘርፈሽ ሞኝ አይደለችም፤ ዛፍ ስላበበ ባል እንደማይመጣ ታውቃለች። ግን ዛፎቹ ሳያፈሩ ከቀሩ፣ እሱ የሚመጣበት ቀንም አብሮ የሚቀር መሰላት። ይህን ከልቧ ልታወጣው ሞከረች፣ አልወጣ አላት።

"ክዳንሽን እስከ ጣቢያው ድረስ ሰማሁት" አለ ቡራሌ፣ በአጥሩ ክፍተት ብቅ ብሎ። ቡራሌ ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቅ ቪላ አትክልተኛ ነው። በወጣትነቱ በረሃ ለበረሃ አዳኞችን ሲመራ የኖረ ሶማሌ፣ አሁን ስልሳን ያለፈ ሽማግሌ። ዘርፈሽ ከቡልጋ አዲስ የመጣች ጊዜ "አንቱ" ስትለው፣ ከኋላው ማን እንደቆመ ለማየት ዞር ብሎ ነበር። ድሬዳዋ ላይ አንቱታ የለም። እሷም ውላ አድራ ለመደችው።

"ጎዲር ነው" አለ፣ ጎንበስ ብሎ ዱካውን አይቶ። አጋዘንን በራሱ ቋንቋ ነው የሚጠራው። "ወንድ ነው፣ ያረጀ። አንቺ ሴትዮ፣ ክዳን ለምን ትመቺለታለሽ? ጎዲር ሙዚቃ ይወዳል።"

"ቀልድህን ተወኝና መላ ንገረኝ። ሦስት ዛፍ ነው የቀረኝ።"

"እሾህ አይጠቅምም፣ ውሻም አይጠቅምም። ጎዲር የሚፈራው የባለቤቱን ሽታ ነው። ላብ የጠጣ ልብስ፣ ውሃ ያልነካው፣ ዛፉ ላይ ስቀዪ። ወላሂ፣ በዚያ አያልፍም።"

"የማንም ልብስ ይሆናል? ቅርጫት ሙሉ የሰው እድፍ አለኝ።"

"የማንም አይሆንም። የመንገደኛ ሽታ አንድ ቀን ይፈራል፣ በነጋታው ይለምደዋል። የእኔም አይሆንም። የባለቤቱ ነው አልኩሽ።"

ባለቤት። ዘርፈሽ ቃሉን ስትሰማ ያሰበችው ባሏን ነው። ባሏን በሰው ፊት በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ባለቤቴ ነው የምትለው። ቡራሌም ስሙን አንስቶ ሊያስከፋት ስላልፈለገ እንዲህ ያለ መሰላት።

ከሳጥኗ ውስጥ የወልደጻድቅ ሁለት ሸሚዞች አሉ። አንዱ የክት ነጭ ነው፤ ታጥቦ፣ ልብስ የሚያጠነክረውን የአሚዶ ዱቄት ጠጥቶ፣ ተተኩሶ የተቀመጠ። ሁለተኛው ከስሩ በአንሶላ ተጠቅልሎ ያለው ነው። ዘርፈሽ ወደ ሁለተኛው እጇን ሰደደችና መልሳ ሰበሰበች። አንስታ አራተኛው ዛፍ ላይ የሰቀለችው ነጩን ነው። ሰበብ አላጣችም። አጣቢ ቤት ደጃፍ እድፋም ልብስ ተሰቅሎ ያየ ሰው ነገ ልብሱን ለማን ይሰጣል? ደግሞስ ወልደጻድቅ አገር እያየው በእድፍ ይቁም? የሰው ላብ ምን ቢታጠብ ከስፌቱ ውስጥ አይጠፋም ብላ ራሷን አታለለች፤ ከላብ ጋር ስትታገል የኖረች ሴት ሆና።

በማግስቱ ጠዋት አራተኛው ዛፍ አበባ አልነበረውም። የሸሚዙም አንድ እጅጌ እስከ ክርኑ ታኝኳል።

ቡራሌ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "አሚዶውን ወዶታል! ግብዣ ነው እንዴ የጠራሽው? ላብ አልኩሽ፣ አንቺ ሳሙና ሰቀልሽ።"

"ሳቅ፣ ምን አለብህ።"

"ሃዬ፣ ሃዬ፣ ተውኩ። ግን የታጠበ ልብስ ጨርቅ ነው። ሰው የለበትም።"

ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ትታ ሳጥኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አንሶላውን ፈታችው። ወልደጻድቅ የመጨረሻውን ቀን ሠርቶ የመጣበት የካኪ ሸሚዝ ነው፤ ኮሌታው ጠቁሯል፣ ብብቱ የላብ ጨው አውጥቷል። ሊሄድ ሲል ቀይሮ ጣለው፣ እሷም ልታጥበው አነሳችና ሳታጥበው ቀረች። የከዚራን ግማሽ ልብስ ያጠበች ሴት ይህን አንድ ሸሚዝ አራት ዓመት ሙሉ ውሃ አላስነካችውም። በወር አንድ ቀን፣ እሱ በሄደበት በገብርኤል ዕለት ታወጣዋለች። አፍንጫዋን ኮሌታው ውስጥ ታስገባና፣ ሽታው እንዳያልቅባት በስስት አንድ ጊዜ ብቻ ስባ ትመልሰዋለች። ከሰል፣ ላብ፣ ትንሽ ትምባሆ። ሌላ ከሱ የቀራት ነገር የለም።

"አቦ ዘርፈሽ፣ በዚህ ሙቀት ሳጥን ከፍተሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

ፋዱማ ናት፤ ጎረቤቷ፣ መጋላ ገበያ ፍራፍሬ የምትቸረችር። የመጀመሪያዎቹን መንደሪኖች ልትሸጥላት ተነጋግረዋል። ዘርፈሽ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

"ታዲያ ስቀዪዋ።"

"ፀሐዩና ጤዛው በሦስት ቀን ይጨርሰዋል። ከዚያ ምን ይቀረኛል?"

"ዛፉ ይቀርሻል።"

"ዛፉም ለሱ ነው።"

ፋዱማ ደፉ ላይ ተቀመጠች። "እህቴ፣ ጅቡቲ እኮ ሩቅ አይደለችም። ባቡሩ ይሄዳል፣ ይመጣል። የራቀው ሰውየው ነው።"

ይህን ዘርፈሽ ራሷም ታውቀዋለች፤ ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ግን አመማት።

"አሁንም ይሸታል?" አለች ፋዱማ።

"ይሸታል።"

"እስቲ።" ተቀበለችና ኮሌታውን አሸተተች፤ ብዙ ቆየች። ውሸት የማትወድ ሴት ናት፤ ስለዚህ ምንም ሳትል ሸሚዙን መልሳ ዘርፈሽ ጭን ላይ አስቀመጠችው። "ስቀዪው" አለች ብቻ።

ዘርፈሽ እስኪመሽ ስታንገራግር ቆየች። ሸሚዙን ብታስቀምጥ የሄደውን ወልደጻድቅን አስቀረች፣ የሚመጣውን ግን ታጣለች። ብትሰቅለው ደግሞ የሚመጣውን ልትጠብቅ የሄደውን ታጣለች። በመጨረሻ ዛፉን መረጠች። ፀሐይ ስትጠልቅ ሸሚዙን አምስተኛው ዛፍ ላይ፣ እጅጌዎቹን በሁለት ቅርንጫፍ ዘርግታ ሰቀለችው። ሰው የቆመ ይመስል ነበር። ወደ ቤት ስትገባ ሁለት ጊዜ ዞራ አየችው።

ንጋት ላይ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። አጋዘኑ አጥሩን ዘሎ ገባ፣ ሸሚዙን አየና ቆመ። ሂድ፣ አለች በሆዷ፣ ባለቤቱ አለ፣ ሂድ። እሱ ግን አንድ እርምጃ፣ ሌላም እርምጃ ተጠጋ። አንገቱን አስግጎ፣ እሷ አፍንጫዋን የምታስገባበት ኮሌታ ውስጥ አፍንጫውን አስገባ። አሸተተ። ከዚያ ሸሚዙን በግንባሩ ወዲያ ገፋ አድርጎ፣ ከእጅጌው ሥር ያለውን አበባ መብላት ጀመረ። ዘርፈሽ ክዳኑን አላነሳችም። በልቶ እስኪጨርስ ቆማ አየችው።

ቡራሌ ሲመጣ ሸሚዙ እንደተሰቀለ ነበር። አውርዶ አሸተተው። "ይሄ የማን ነው?"

"የማን ይሆናል? የባለቤቴ ነው። አንተው አይደለህ የባለቤቱን ስቀዪ ያልከኝ?"

"ስንት ዓመት ሆነው?"

"አራት።"

ሽማግሌው ሸሚዙን ቀስ ብሎ አጠፈው። ዛሬ አልሳቀም። "ዘርፈሽ፣ እዚህ ውስጥ ሰው የለም። ያለው የሳጥን ሽታ ነው። ጎዲር አይዋሽም።"

ለራሷ ሳትነግረው የኖረችውን ነገር ሰው ነገራት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ኮሌታው ውስጥ የምታሸተው እሱን ሳይሆን የምታስታውሰውን ነበር። እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ እንደገና መጣ።

"ደግሞ ባልሽን መች አልኩሽ?" አለ ቡራሌ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አማርኛዬ ጠማማ ነው፣ ግን ባልና ባለቤት አይጠፉኝም። የዛፉን ባለቤት ነው ያልኩሽ። ውሃ የሚያጠጣ ማነው? እሾህ የሚጎትት ማነው? ጎዲር ቀን ቀን የማይመጣው ለምን ይመስልሻል? አንቺ ስላለሽ እኮ ነው።"

"እኔማ ጠባቂ ነኝ። ለሱ የምጠብቅለት።"

"አራት ዓመት የጠበቀ ሰው ባለቤት ነው" አለና ሸሚዙን አስታቅፏት ወደ ሥራው ሄደ።

የዚያን ቀን ተራው የመተኮስ ነበር። በድሬ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በከሰል ካውያ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኮሰች። አንሶላው አለቀ፣ ሸሚዙ አለቀ፣ የጠረጴዛው ልብስ አለቀ። ላቡ ከአንገቷ ወርዶ ጀርባዋን አጠበው፤ ቀሚሷ ከገላዋ ተጣበቀ። ካውያውን አስቀምጣ እጅጌዋን አሸተተች። ከሰልና ላብ። እሱን ይሸት ነበር የምትለው ሽታ ነው። ከማን ወደ ማን እንዳለፈ ማሰብ ጀመረችና ተወችው።

ጓዳ ገብታ ሌላ ቀሚስ ለበሰች። የወለቀውን፣ እንደረጠበ፣ ይዛ ወጣችና ስድስተኛው ዛፍ ላይ ሰቀለችው። ነገ ጠዋት ልብስ ሊያደርስ የሚመጣ ሁሉ ያየዋል። ይየው።

ከዚያ የማጠቢያ ጎፍላውን አቀረበች፣ ውሃ ሞላች፣ የካኪውን ሸሚዝ ነከረችው። ፋዱማ ከገበያ ስትመለስ በአጥሩ ክፍተት አየቻት።

"ምነው? ልታጥቢው ነው?"

"ሲመጣ ንጹህ ይልበስ።"

"ካልመጣስ?"

ዘርፈሽ ሳሙናውን አነሳች። "ካልመጣማ ሸሚዝ ነው።"

አጣቢ ሁልጊዜ የምትጀምረው ከኮሌታው ነው። እሷም ከኮሌታው ጀመረች። ውሃው ጠቆረ፣ ደፋችው፤ ሁለተኛው ቀላ፣ እሱንም ደፋችው። ሸሚዙን ጨምቃ ገመዱ ላይ ሰጣችው። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ ግን እንደ ወትሮው ለስድስቱ አላካፈለችውም። ባልዲውን ተሸክማ፣ ቀሚሷ ወደተሰቀለበት ዛፍ ሄደች።