የበሬው ስም

ባሌ ዳኘው ቃል ይወድ ነበር። ሌላው ወንድ ቡሬ ገበያ ወርዶ ጨው ይዞ ሲመለስ፣ የኔው ጉድ ቃል ይዞ ይመጣል። ልጅ ሳለ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፤ ወባ ይዞት አቋርጦ ወጣ። ያ ነገር ውስጡ ቀርቶ ነው መሰለኝ፣ አዲስ ቃል ከሰማ እንደ ቆሎ ሲቆረጥመው ይውላል።

በሰማንያ ስምንት ጠጅ ቤት ከራዲዮ «ቢሮክራት» የሚል ሰምቶ መጣ። ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው አያውቀውም፤ ብቻ አፍ ይሞላል አለኝ። ያን ሰሞን አንድ ወይፈን ለእርሻ እየገራ ነበርና ስሙን ቢሮክራት አለው። «ሳብ ቢሮክራት! ዙር ቢሮክራት!» ሲል ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ደስ ይላላ! ጎረቤታችን ይርሳው ደግሞ፣ የጥንት ጌቶች በፈረሳቸው ስም እንደሚጠሩት፣ ባሌን በበሬው «አባ ቢሮክራት» አለው። ከዚያ ወዲያ ዳኘው ብሎ የሚጠራው ጠፋ። እሱም ጢሙን እየደባበሰ አቤት ይላል።

በዓመቱ የመሬት ድልድል መጣ። ከሾላው ሥር ሰብስበው፣ በደርግ ጊዜ ሹመት የነበረው ሰው ቢሮክራት ይባላል፣ አራት ጥማድ ብቻ ይቀርለታል፣ ትርፉ ለሌላው ይከፋፈላል አሉን። የቃሉን ፍች ያን ቀን አወቅነው። ሰብሳቢው ባዳ ነው። ከእናንተ ውስጥ ቢሮክራት ማን ነው ሲል ከኋላ አንዱ «አባ ቢሮክራት!» አለ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

ሰብሳቢው አልሳቀም። ባሌን አስነስቶ ስምህ ነው ወይ አለው። ዳኘው የበሬው ስም መሆኑን አስረዳ። ሊቀመንበር ቀርቶ የእድር ዳኛ እንኳ ሆኖ አያውቅም፤ ይህን አገር ያውቃል። ሰብሳቢው ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ይህ ሰው ሹመት አልነበረውም የምትሉ እጅ አውጡ አለ።

ሳቁ ቆመ። የወንዙ ዳር ማሳችን ለም ነው፤ ለማን እንደሚደርስ እያንዳንዱ ሲያስብ ፊቱ ላይ አየሁት። ይርሳው አንገቱን ደፍቶ የጋቢውን ጫፍ ይቋጥር ነበር። ከኔ በቀር እጅ ያወጣ የለም፤ የኔንም ሚስቱ ናት ብለው አልቆጠሩትም። የወንዙ ዳር ለይርሳው ደረሰው፤ የእጁን ይስጠው።

አራት ጥማድ ሁለት በሬ አይቀልብም። ግንቦት ላይ ቢሮክራትን ቡሬ ገበያ ወሰድነው። የገዛው የደምበጫ ሰው ነው፤ በሬ ስሙን ካልጠሩት አይታዘዝምና ሳይነዳው በፊት ስሙን ጠየቀ።

«ስም የለውም» አለ ዳኘው።

ሰውዬው በገመድ ቢስበው፣ በዱላ ቢለው፣ በሬው እግሩን ተክሎ ወደኛ ያያል። ባሌ ጥርሱን ነክሶ መሬት መሬት ያያል። አንጀቴ አልቻለም።

«ሂድ ቢሮክራት» አልኩት።

ሄደ። ዳኘው ዛሬም ገበያ ይወርዳል፤ ጨው ብቻ ይዞ ይመለሳል።