ግራው የሚጢ፣ ቀኙ የሲስተር

«እግሯ ነው የጨረሳት» አለች አክስት፤ ያንሾካሾከች መስሏት ነበር። «ቁስል ላይ ማር ይቀባል እንዴ? ጉንዳን ሊጠሩበት ነው?»

ድምጿ ሳሎኑን አቋርጦ ጓዳ ደረሰ። እዚያ ሁለቱ የሟች ልጆች የሻይ ብርጭቆ ያጥባሉ። የታናሺቱ እጅ ውሃው ውስጥ ቀጥ አለ። ታላቅየዋም ሰምታለች፤ ግን በዓለም ላይ ብርጭቆ ከማድረቅ የሚበልጥ ጉዳይ የሌለ ይመስል አገላብጣ መወልወሏን ቀጠለች።

ታላቅየዋ ነርስ ናት። በሆስፒታል ቁስል የሚታሸግበት ክፍል ስለምትሠራ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። ታናሺቱ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ክፍል ሙሉ ጎረምሳ በአንድ እይታ ጸጥ ታሰኛለች፤ እቤት ግን እስከ ዛሬ «ሚጢ» ናት።

ማሩን የቀባችው ሚጢ ናት።

ከቀብር ሲመለሱ መኪና ውስጥ ጠይቃ ነበር። «ሲስተር፣ በእኔ እግር ነው?» የእኔ እግር የምትለው የእናታቸውን ግራ እግር ነው። ሲስተር መልሱን ታውቀዋለች። ሐኪሙ ልብ ነው ብሏል። «አይደለም» ማለት አንድ ቃል ነበር። እሷ ግን «አሁን ተይኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ሚጢ እህል አልቀመሰችም። ሰው በገባ ቁጥር ትሪ ይዛ ትነሳለች፣ ሰው በወጣ ቁጥር ብርጭቆ ታጥባለች።

ሲስተር ጨካኝ ሆና አይደለም። ማሩ እናቷን እንዳልገደለ ታውቃለች፤ ቁስሉን ግን አጓትቶታል ብላ ታምናለች። እልኸኛ ናትና «ትንሽ ይቆጥቁጣት» አለች በሆዷ። ትንሽ ብላ የጀመረችው ነገር ይኸው ቀን እየጨመረ ሄደ።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ፣ ደሟ ወደ ላይ መመለሱን ትቶ ቁርጭምጭሚቷ ላይ መተኛት ለመደ። እግሯ አበጠ፣ ቆዳው ጠቆረ፣ ኋላ በሁለቱም እግር ቁስል ከፈተ። ሊድን ይልና መልሶ ያመረቅዛል። ሲስተር ፈሳሽ የሚመጥ ስፖንጅ መሰል ማሸጊያ ይዛ መጣች። በዚያው ቀን ሚጢ ለቁስል ተብሎ የተጣራ ማር ይዛ ከች አለች።

«ሞኝነት ነው» አለች ሲስተር።

«ጥናት አለው። ማንበብ የምትችይው አንቺ ብቻ ነሽ?»

«አንብቤዋለሁ። እንደሚበልጥ አላረጋገጠም።»

«ያንቺስ ስፖንጅ እንደሚበልጥ ማን አረጋገጠ?»

እሱንም በቅጡ ያረጋገጠ አልነበረም።

እናትየው ከያዘችው ጨርቅ ቀና አለች። «ምን ያጨቃጭቃችኋል? እግዜር ሁለት እግር የሰጠኝ ለምን ሆነና! ቀኙ የሲስተር፣ ግራው የሚጢ። ላሸነፈች ቀሚስ እሰፋላታለሁ።»

ሲስተር አንድ ሕግ አወጣች። ከማሸጊያው በላይ የሚጠመጠመው ተለጣጭ ፋሻ በሁለቱም እግር እኩል ይጥበቅ። ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው እሱ ነው፤ እሱ ከላላ ሥሩ ማርም ይሁን ስፖንጅ ዋጋ የለውም። በየሳምንቱ መጨረሻ ፋሻው ይፈታል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ቁስሉ ላይ ይደረጋል፣ ዙሪያው በእስክሪብቶ ይሳላል። እናትየው ስዕሎቹን እያነሳች «ይኼ ለሕፃን ኮሌታ ይሆናል፣ ይኼ ደግሞ ለኪስ ያንሳል» ትላለች። ከዚያ በፊት እህትማማቾቹ የሚገናኙት ሰው ሲዳር ወይ ሲቀበር ነበር። አሁን ግን እናታቸው እግር ሥር ተንበርክከው አመሹ፣ ተሰዳደቡ፣ እራት በሉ።

ውድድሩ ግን አልለይ አለ። አንድ ሳምንት ቀኙ ይጠባል፣ በሚቀጥለው ይቆምና ግራው ይደርስበታል። አንድ ቀንበር እንደጠመዳቸው በሬዎች እኩል ሄዱ። ያየችው ሁሉ ግራ ሲያጋባት ሲስተር ማሩን ረገመች። ሚጢም መልስ አላጣችም። እንዲህ እያሉ ሳለ እናታቸው አንድ ማለዳ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ተገኘች።

ከአክስት ሹክሹክታ ማግስት ባለሱቋ ጎረቤት ስኳር ይዛ በጓዳ በር ገባች። ሚጢ ሳሎን ሻይ እያዞረች ነበር። ባለሱቋ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«አሁንስ ማን ፋሻ ፍቺልኝ ይለኛል?»

«የምን ፋሻ?» አለች ሲስተር።

«አታውቂም እንዴ? የቀደመውን ነዋ! እናንተ ለክታችሁ ስትሄዱ ትጠራኛለች። እሷ ጎንበስ ማለት አትችል፤ በመዳን የቀደመውን እግር ፋሻ እኔ አላላላታለሁ። ልትመጡ ስትሉ መልሼ አጠብቀዋለሁ።»

«እኔ ሳላውቅ?»

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ዕቃ ስጠቀልል የኖርኩ ነኝ። አንዴ ስትጠመጥሚ አይቼሽ ያዝኩት።»

«ለምን ግን፣ እትዬ? ለምን?»

«‹አንዷ ካሸነፈች ሁለቱም ይቀሩብኛል› ትል ነበር። ያሸነፈችው ጨረስኩ ትላለች፣ የተሸነፈችው ታኮርፋለች። እውነቷን እኮ ነው፤ ኩርፊያ ላይ ሁለታችሁም አትታሙም።»

ታካሚ እንዲህ ቢያደርግባት ሲስተር ክፍሉን በጩኸት ታናውጠው ነበር። ሊዘጋ የሚችል ቁስል፣ ሁለት ልጆች አንድ ምሽት አብረው እንዲቀመጡ ተብሎ ክፍት ሆኖ ከርሟል። ጅልነት ነው። ጅልነት ነው አለች ደጋግማ፣ የያዘችውን የብርጭቆ ፎጣ እየጠመዘዘች።

«ብዙ ጊዜ የምታላሉት የትኛውን ነበር?»

«ቀኙን ነዋ፣ ያንቺውን። አቤት እሱ! አንዴ ከሮጠ የሚይዘው የለም።»

አሸንፋለች። ማሸነፏን የት እንደምታስቀምጠው ግን ጠፋት። ፎጣውን ጣለችና ወደ ሳሎን ወጣች፤ ባለሱቋም ተከተለቻት። ሚጢ ትሪ እንደያዘች መሃል ወለሉ ላይ ቆማለች።

«ሚጢ» አለች ሲስተር፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ጠይቀሽኝ አልመለስኩልሽም። እግሯ አይደለም፣ ልቧ ነው። ማሩ ምንም አላደረጋትም። ያን ቀን ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።»

«እኔ እንኳ ማለቴ...» አለች አክስት።

«አክስቴ፣ ያልሽውን ሰምተናል። ግድግዳውም ሰምቷል።»

አንድ ሽማግሌ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ሚጢ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ታዲያ ቁስሉ ለምን አልድን አለ?»

ሲስተር ነገረቻት። ፋሻውን ማን እንዳስፈታው፣ ማን እንደፈታው፣ ለምንም እንደሆነ፤ ሳታሳምር፣ ለሐኪም እንደሚነገር አድርጋ። ሚጢ ቅርቧ ያገኘችው ወንበር ላይ ዘጭ አለች። አፏ ተከፈተ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ለራሷም አልለይ አላት።

«ይቺ ሴትዮ!» አለች። «ይቺ ሴትዮ ሁለታችንንም በክር ስትጎትተን ኖራ!»

እንባዋ ወረደ። ከቀብር ወዲህ ዛሬ ገና ማልቀሷ ነው። ሴቶቹ ሊያጽናኗት ሲነሱ በእጇ ከለከለቻቸው። አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ቀና አለች።

«እና ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የማን ነበር?»

«ያንቺ» አለች ሲስተር።

በሩ ላይ የቆመችው ባለሱቋ ‹ኧረ ቀኙ ነበር› ልትል አፏን ከፈተች። ሲስተር ከትሪው ትኩስ ሻይ አነሳች፣ ወደ በሩ ሄዳ ብርጭቆውን ለባለሱቋ አስያዘቻት፣ ጣቶቿንም በላዩ ላይ አጥፋ እስክትጠጣ ድረስ አልለቀቀቻትም።