የሌላ ሰው ማርሽ

«ቁልፉን አምጪ» አሉ አክስቷ እጃቸውን ዘርግተው። «እዚሁ፣ ሰው ሁሉ ባለበት።»

ግቢው ውስጥ በፕላስቲክ ወንበር የተቀመጡት ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቋረጡ። እሷ ሻይ የተደረደረበት ትሪ ይዛ መሃላቸው ቆማ ነበር፤ የት እንደምታሳርፈው ጠፋት። አክስቷ የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው። ወንድማቸው ከተቀበረ ወዲህ ከልቅሶ ብዛት ድምፃቸው ተዘግቷል፤ ለዚህ ነገር ግን ድምፅ አላጡም።

«የምን ቁልፍ?»

«የሞተሩን ነዋ! ወንድሜ መንገድ መንገድ ሲያይ ነው ያለቀው። ዛሬ አቁሜያለሁ በይና ቁልፉን ለእኔ ስጪኝ።»

«የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው እኮ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ለመሥሪያ ቤቱ መልሺለት! የእኔ ነው አልኩ?»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። እናቷ ከግድግዳው ጥግ ቀና አለች። «የገደለው ሳንባ ምች ነው። ሐኪሙ ነግሮናል። ልጄን በሰው ፊት አያስጨንቋት።»

«ሳንባ ምቹስ ከየት መጣ? በዚያ ዝናብ ምን ሊሠራ ወጣ?»

የት እንደነበር ሲጠየቅ አባቷ ራሱ በሕይወት ሳለ «አንድ ጓደኛዬ ዘንድ ነበርኩ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። እሷ ትሪውን ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠችና የግራ እጅጌዋን ወደ ታች ሳብ አደረገች። ከክርኗ እስከ አንጓዋ የተሰፋ ቁስል አለባት። እናቷም እንኳ አላየችውም።

ሞተሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ለቀስተኛ ዓይን እንዳይገባ ብሎ አንድ ሰው አንሶላ ጣል አድርጎበታል። ከአንሶላው ሥር መስተዋቶቹ እንደ ጆሮ ቀጥ ብለው ስለቆሙ ግን ይበልጥ ዓይን ይስብ ነበር። ሥራዋ በእሱ ላይ ነው። ከየጤና ጣቢያው የደም ናሙና ሰብስባ፣ በቀዝቃዛ ሳጥን ጭና፣ ሳይበላሽ ለማዕከላዊው ላቦራቶሪ ታደርሳለች። ሥራውን ትወደዋለች። አንዲት እናት የሕፃኗን ውጤት በጊዜ ስታገኝ «እኔ ነኝ ያደረስኩት» እያለች በሆዷ ትኮራለች። ደግሞ መንገዱ ባዶ ሲሆንላት፣ ነፋሱ ደረቷን ሲገፋት፣ ለማንም የማትናገረው ደስታ አለ።

ይህን ደስታ የሰጣት አባቷ ነው።

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ የሠራ መካኒክ ነበር። ከሰው ንግግር ይልቅ የሞተር ንግግር ይገባዋል እያሉ ጓደኞቹ ይቀልዱበታል። እናቷ የተቆጣች ቀን ወደ ልጁ ጎንበስ ብሎ፣ «ዛሬ የእናትሽ ካንዴላ ቆሽሿል፤ ቀስ ብለሽ አስነሻት» ይላታል። ሞተር ያስተማራት ከጋራዡ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ «ፍሪሲዮኑን ቀስ! እንቁላል እንደያዝሽ!» እያለ ይጮህ ነበር። መልቀቁን ሳይነግራት ለቀቃት። ዞር ስትል ሜዳው ዳር ቆሞ እንደ ልጅ ያጨበጭባል።

ሥራውን ያገኘች ቀን ሠፈሩን በሙሉ «ልጄ ሹፌር ሆነች» ብሎ ነገረ። ከዚያ በኋላ ስሟን ትቶ «የኔ ሹፌር» ነበር የሚላት። ጠዋት ጠዋት ከእሷ ቀድሞ ይነሳና ጎማውን በእጁ ይዳብሳል፣ ፍሬኑን ይጨብጣል። ማታ ደግሞ ጋዜጣ ዘርግቶ ይቀመጣል። ከመታጠፊያው የሞተሯ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ያንኑ ገጽ እንደዘረጋ ነው፤ ድምፁ ሲሰማ ይገልጠዋል። እናቷ ናት ይህን የነገረቻት።

እንድትተወው አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቋታል። አብሯት የሚሠራ ልጅ መኪና ገጭቶት እግሩን ባጣ ሰሞን ነበር። አባቷ እጁን እየታጠበ፣ ካጸዳውም በኋላ እየታጠበ፣ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«እኔ የምለው… ብታቆሚው ምን ይመስልሻል?»

«ክረምቱን ልጨርስና አየዋለሁ፣ አባዬ።»

«የሚያስፈራኝ እኮ ክረምቱ ነው» አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች። ነገሩ በሳቅ አለፈ፤ ሁለተኛም አላነሳው። አሁን ያንን ሳቅ ባስታወሰች ቁጥር፣ ቢቆጣት ኖሮ፣ ቢለምናት ኖሮ ትላለች። ግን እሱ የሚያውቀው እንደዚያ መጠየቅ ብቻ ነበር። ይህን ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

በዚያው ክረምት ወደቀች። ከባድ አልነበረም፤ ዝናቡ ያጠበው አስፋልት ላይ የኋላ ጎማዋ ከዳት። ክንዷ ተከፈተ፣ ስልኳ ደቀቀ። መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ክንዷ አልነበረም። አባቷ ጋዜጣውን ይዞ ይጠብቃል። በመንገደኛ ስልክ የሥራ ባልደረባዋን ጠራችው። ይህ ሰው እርጋታው ለጉድ ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ጥድፊያ» ይለዋል።

«ሞተሩን ቤት አድርስልኝ» አለችው። «በር ላይ አቁመህ ቶሎ ጥፋ። አባዬ ድምፁን ከሰማ ዳቦ ልትገዛ ሱቅ ገባች ይላል፤ ሁሌም እንደዚያ አደርጋለሁ። እኔ ተሰፍቼ እደርሳለሁ።»

«ብያዝስ?»

«አንተ? ኤሊ ነው ይላል እንጂ ማን ይጠረጥርሃል!»

ክሊኒኩ ተራ በዛበት፤ ካሰበችው በላይ ቆየች። ቤት ስትገባ አባቷ አልነበረም። ሲመሽ መጣ፤ ካፖርቱ ውሃ ያንጠባጥባል። በሩ ላይ ቆሞ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት።

«መጣሽ?»

«መጣሁ። አንተስ የት ነበርክ?»

«አንድ ጓደኛዬ ዘንድ።»

እሷ ክንዷን ሹራብ ውስጥ ደብቃ ነበር። በማግሥቱ አባቷን ትኩሳት ያዘው። ከሆስፒታል አልጋም አልተነሳም።

አክስቷ ቁልፉን በጠየቁበት በዚያው ቀን ከሰዓት ጥድፊያ አንድ አዛውንት አስከትሎ መጣ። ከጤና ጣቢያዎቹ በአንደኛው በር ላይ የሚቀመጡት ዘበኛ ናቸው፤ ናሙና ልትወስድ በሄደች ቁጥር «ሹፌሯ ገባች!» እያሉ በሩን ይከፍቱላታል። ጥድፊያ ጆሮዋ ሥር ተናገረ። «ኃላፊያችን ያጽናሽ ብላለች። ናሙና መቀበያው ክፍል ቦታ አለ፤ ከፈለግሽ ያንቺ ነው። ካልፈለግሽም ሞተርሽ ሞተርሽ ነው። እረፊና አስቢበት።»

ዘበኛው ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሻያቸውን ሳይነኩ ቆዩ።

«ያጽናሽ ልጄ። አባትሽን ያየኋቸው አንድ ቀን ነው። ግን አልረሳቸውም።»

«የት አይተውት፣ ጋሼ?»

«በዚያ ዶፍ እኛ ዘንድ መጥተው ነበር። ሞተር የምትነዳ ልጅ ተጎድታ መጥታ እንደሁ ጠየቁኝ። አልመጣችም አልኳቸው። አደጋ ደረሰ ብሎ ማን ነገረዎት ስላቸው፣ ሞተሯ ቤት ደርሷል፣ የነዳው ግን እሷ አይደለችም አሉ። እኔ አልገባኝም። ማርሹ፣ አሉኝ። መታጠፊያው ላይ ማርሽ ሲቀይር አስለቀሰው፤ የኔ ልጅ እንዲህ አታደርግም።»

ጥድፊያ ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ።

«ቁጭ ይበሉ፣ ዝናቡ ያባራ ብላቸው እምቢ አሉ። ከእኛ በፊትም ሌላ ቦታ ጠይቀዋል፤ ከእኛ ወጥተው ወደ ሆስፒታሉ በእግራቸው ሄዱ። ሲወጡ ክንዴን ያዙና፣ አደራ፣ በሰላም ካለች እንዳይነግሯት፣ ስትነዳ ይህን ታስባለች አሉኝ። እኔም አልነገርኩሽም። አሁን ግን ይዤው መቀመጥ አቃተኝ። አጥፍቼ ከሆነ ይቅር በይኝ።»

«አላጠፉም» አለች።

ተነስታ እናቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እጅጌዋን ወደ ላይ ጠቀለለችና ክንዷን እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠች። መውደቋን፣ ጥድፊያን መላኳን፣ ዘበኛው የነገሯትን ሁሉ በሹክሹክታ ነገረቻት። እናቷ የተሰፋውን እያየች አዳመጠች።

«እኔንም ጓደኛዬ ዘንድ ነበርኩ አለኝ» አለች በመጨረሻ። «ካልሲውን የጨመቅሁለት እኔ ነኝ። ምን ዓይነት ጓደኛ ነው ሰው በዝናብ የሚያቆመው ብዬ ስናደድ አመሸሁ።» ከንፈሯ ፈገግ ለማለት ሞክሮ ተጣመመ። «እሱ ላንቺ ይዋሻል፣ አንቺ ለእሱ ትዋሺያለሽ። አንዳችሁ እንኳ እውነቱን ብትናገሩ ምን ነበረበት?»

«ላቆመው ነው፣ እማዬ።»

«አክስትሽ ስላሉ እንዳይሆን። እሱ ስለሞተም እንዳይሆን። ነገ ቢሮ ተቀምጠሽ እሱን እንዳትረግሚው።»

«አይደለም። ስትነዳ ታስባለች ብሎ ነው የፈራው። አሁን እኮ ሁልጊዜ ሳስብ ነው የምነዳው። መንገዱን ሳይሆን እሱን ነው የማየው፤ ያን ካፖርት። እንደዚያ ሆኖ ሞተር አይነዳም። ራሱ ነው ያስተማረኝ።» የእናቷን ነጠላ ጫፍ ያዘች። «አንድ ቃል ነበር እኮ እማዬ። እጁን ሲታጠብ፣ እሺ አባዬ ብለው ኖሮ… አንድ ቃል ነበር።»

እናቷ አይዞሽ አላለቻትም። ጥፋትሽ አይደለምም አላለቻትም። ክንዷን ብቻ ይዛ ቆየች።

ቁልፉን ለጥድፊያ ሰጠችው። አንሶላውን ራሷ ገፈፈች፣ ሳጥኑ መታሰሩን ፈተሸች። ከዚያ ፍሬኑን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችው። አክስቷ ከወንበራቸው ተነስተው ቀረቡ። እንደሚፈነድቁ የጠበቀ ሁሉ ተሳስቷል።

«ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር» አሉ በዚያው በተዘጋ ድምፃቸው። «ጓጉቼ ነበር እኮ። ምንም አላለኝም ልጄ። እሱ እንደሁ አልመጣ።»

«ልክ ነዎት፣ እትዬ። ቀድሜ መስጠት ነበረብኝ።»

«ተይ፣ ልክ ነዎት አትበይኝ» ብለው አንገቷን አቅፈው አለቀሱ።

ጥድፊያ ሞተሩን እየገፋ አወጣው። ግቢው ውስጥ ሊያስነሳው አልደፈረም። ከሩቅ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ነው የተነሳው። ዘበኛውም ተሰናበቱ፤ አክስቷም ነገ እመለሳለሁ ብለው ወጡ። ሰው እየሳሳ ሄደ፤ ወንበሮቹ ባዶ ቀሩ።

ፀሐይ ስትገባ የግቢውን በር ልትዘጋ ሄደች። በለቅሶው ምክንያት ሳይዘጋ የሰነበተ በር ነው፤ ብረቱ ተንሻፏል። በትከሻዋ ገፋ አድርጋ አገጣጠመችውና መቀርቀሪያውን መግፋት ጀመረች።

«ሁሉም ገባ?» አለች እናቷ ከውስጥ።

ማታ ማታ ባሏ በሩን ሲዘጋ የምትጠይቀው ነው፤ ከአፏ ያመለጣት ሳታስበው ነው። ሳህን የምታጥበው ጎረቤት እጇን አቆመች።

እሷ ቀዝቃዛውን ብረት እንደያዘች ቆመች። ጎዳናው ባዶ ነው። ግማሽ መንገድ የሄደውን መቀርቀሪያ ቀስ ብላ መልሳ ሳበችው፤ በሩንም ገርበብ አድርጋው ገባች።