ማክሰኞ የታየው አዞ

ዴዝሊና ባሏ ጋርዝ ቤታቸውን ሸጠው በካራቫን መኖር ከጀመሩ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ተሊ በምትባል ከተማ፣ የሙዝ እርሻ ውስጥ ናቸው፤ እሱ ዘለላውን በትከሻው ይሸከማል፣ እሷ መጋዘን ውስጥ ታሽጋለች። ከዚያ ለማንጎ ሥራ ወደ ቦወን ይወርዳሉ። በሁለቱ ሥራ መሃል የምትገኘዋ ሦስት ሳምንት ግን የማንም አይደለችም፣ የራሳቸው ናት። ካራቫናቸውን ከመኪናው ኋላ ቀጥለው ባሕሩን ይዘው ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፤ ደስ ባላቸው ቦታ ይቆማሉ።

በዚያ ዓመት የቆሙት ከካርድዌል በታች፣ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ዳርቻ ያለ ትንሽ ካምፕ ነበር። ስድስት ካራቫን ብቻ ነው የሚይዘው። ባለፉት ዓመታት ሁለቴ መጥተው ሞልቶባቸው ተመልሰዋል፤ ዘንድሮ ቀናቸው።

በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዴዝሊ ድስት ልታለቀልቅ ወደ ጀልባ ማውረጃው ወረደች። ጭቃው ላይ በርሜል የተጎተተበት የሚመስል ሰፊ ፈር አየች። በፈሩ ግራና ቀኝ የጥፍር ምልክት አለ። ቀና ስትል ጨው ውሃ ዳር ከሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ጥላ ሥር ሁለት ጉብታዎች ውሃው ላይ ተቀምጠዋል። ዓይኖች ነበሩ። ትንሽ ተያዩና ድምፅ ሳያሰሙ ሰመጡ።

ድስቱን እዚያው ጥላ ወደ ጋርዝ ሮጠች።

«አዞ አየሁ። ትልቅ ነው፣ ከመኪናችን አያንስም።»

«የት?»

«ማውረጃው ጋ። ካምፑ ድረስ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ለዱር እንስሳት ጠባቂዎቹ ልደውል?»

ጋርዝ ሲጠግነው የነበረውን የዓሣ መረብ ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። «ከደወልሽ ዛሬውኑ መጥተው ቦታውን ይዘጉታል። ወጥመድ ሲያስቀምጡ፣ እስኪገባላቸው ሲጠብቁ፣ ሦስት ሳምንታችን አለቀች። ከዚያ የት ልንሄድ ነው? ከተማ ገብተን፣ አጥር ለአጥር ተደርድረን የሰው ቴሌቪዥን ልናዳምጥ?»

«ሰው ቢይዝስ?»

«‹አዞ አለ› የሚል ምልክት ተተክሎ የለ እንዴ? ማንበብ የማይችል ማን አለ እዚህ? ትከሻዬ ወልቋል ዴዝ። እባክሽ።»

እውነቱን ለመናገር ብዙም አላደከማት። እሷም ከሰማያዊው ባሕር ተነስታ መሄድ አልፈለገችም። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

የዚያን ዕለት ምሽት ጎረቤታቸው ቤሪል እራት ጠራቻቸው። ቤሪል ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በትንሽ ነጭ ቫን ብቻዋን ትዞራለች። ብቻዋን እንኳ አይደለችም፤ ዲገር የሚባል፣ ባሏ ትቶላት የሄደ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ ሽማግሌ ውሻ አላት። የጨው ሥጋ በድንች ቀቅላ አቀረበችላቸው። ዲገር አገጩን ዴዝሊ እግር ላይ ጥሎ ተኛ።

«እኔ እንኳ ሥጋውን ሳበስል እንደዚህ አይወደኝም» አለች ቤሪል እየሳቀች። «ወንድ ሁሉ አንድ ነው፤ አዲስ ሴት ሲያይ እግር ሥር ነው።»

ሳቁ። ዴዝሊ ጎንበስ ብላ የዲገርን ጆሮ ዳሰሰች። «ቤሪልዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ዲገርን ወደ ውሃው ብዙ አታስጠጊው፣ እሺ?»

ቤሪል ሹካዋን አቆመች። «ምነው? ያየሽው ነገር አለ?»

ጋርዝ ከጠረጴዛው ማዶ ዴዝሊን አያት።

«ኧረ ምንም። እንዲያው ነው» አለች ዴዝሊ።

ሐሙስ ከሰዓት ባሕሩ ሞልቶ ነበር። ዴዝሊ ልብስ እያሰጣች የቤሪልን ጩኸት ሰማች። ስትዞር ዲገር የለም፤ ውሃው ይናጣል፤ ቤሪል የውሻውን ስም እየጠራች ጉልበቷ ድረስ ገብታለች። ጋርዝ ባዶ እግሩን በረረ። ውሃው ውስጥ ገባ፣ ወገቧን አቅፎ እየጎተተ አወጣት። አሮጊቷ በክርኗ ፊቱን እየመታችው «ልቀቀኝ፣ አለ፣ አለ፣ አሁን አየሁት!» ትል ነበር። ሁለቱም አሸዋው ላይ ወደቁ። ውሃው ዝም አለ።

በማግስቱ የዱር እንስሳት ጠባቂዎች መጡ። «ከዚህ በፊት ያየው ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ።

«የለም» አለ ጋርዝ። ከንፈሩ አብጧል።

ዴዝሊም መሬት መሬት አየች። ካምፑን ለአንድ ወር ዘጉት።

ሁሉም ካራቫኑን ጠቅልሎ ሲነሳ ቤሪል መጣች። የጋርዝን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «ይሄ ሰው ባይኖር እኔም ከዲገር ጋር ሄጄ ነበር። አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ብቻዬን መንዳት ፈራሁ። እስከ ቦወን ከኋላችሁ ልከተል?»

እምቢ የሚል አፍ ከየት ይምጣ።

እንግሃምን አለፉ፣ ታውንስቪልን አለፉ። ትንሿ ነጭ ቫን ከመስተዋቱ አልጠፋችም።

«አሁንም አለች?» ይላል ጋርዝ።

«አለች።»

በየማረፊያው የሞቀ ኬክ ይዛ ትመጣለች። ለማታውቀው ሰው ሁሉ ጋርዝን እያሳየች «ሕይወቴን ያተረፈኝ» ትላለች፤ እሱ ጎማ የሚያይ መስሎ ጎንበስ ይላል።

ኤር የምትባለው ከተማ ከመድረሳቸው በፊት፣ መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ቆመው ሳለ ቤሪል ከዴዝሊ ጎን ተቀመጠች። ጋርዝ በጀሪካን ነዳጅ ሊቀዳ ሄዷል።

«ለልጄ ደውዬላታለሁ» አለች። «ቱውምባ ከተማ ነው የምትኖረው። ከቤቷ ጀርባ ክፍል አለ፣ ነይ ብላኛለች። ቫኑን እሸጠዋለሁ።»

«ለምን? መንገዱን እኮ ትወጂዋለሽ።»

«ምን ይሠራልኛል የኔ ልጅ? ጭንቅላቴ ሄዷል ማለት ነው። ምልክቱን አንብቤያለሁ። አንቺም ነግረሽኛል፣ አታስጠጊው ብለሽ። እኔ ነኝ ኳሱን ወደ ውሃው የወረወርኩለት። ባሌ አደራ ያለኝን አንድ ነገር በገዛ እጄ ገደልኩት። እንዲህ ያለ ሰው መሪ መያዝ የለበትም።»

ዴዝሊ የቤሪልን ክንድ ያዘች። ካሁን በኋላ ዝም ማለት ሌላ ውሸት መሆኑን አወቀች።

«ቤሪልዬ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አይቼው ነበር።»

«ምኑን?»

«አዞውን። ማክሰኞ ጠዋት፣ እዚያው ማውረጃው ጋ። ብንደውል ቦታውን ይዘጉታል ብለን ዝም አልን።»

ቤሪል ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። ሸንኮራ የጫነ መኪና አለፈ።

«ማክሰኞ» አለች። «ማክሰኞ ማታ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«ያየሽው ነገር አለ ብዬ ጠየቅሁሽ።»

«ጠየቅሽኝ።»

«እግርሽ ላይ ተኝቶ እያለ።»

ዴዝሊ ማልቀስ ጀመረች። ቤሪል ግን አላለቀሰችም። «እሱም ያውቃል?» አለች።

«ያውቃል።»

«ተይ፣ ይቅርታ አትበይኝ» አለች ቤሪል፣ ዴዝሊ አፏን ስትከፍት አይታ። «ካልሽኝ ምንም አይደለም ልልሽ ነው፣ ልማዴ ነው። ልልሽ አልፈልግም።» ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። የኬኩን ሳህን ከነተረፈው አንስታ ቫኗ ገባች። ጋርዝ ሲመለስ መንገዱ ላይ አልነበረችም።

«ምን ሆነች?»

«ነገርኳት።»

«ምን?» ጀሪካኑን መሬት ላይ ወረወረው። «ለምንድነው የምትነግሪያት? እኔ እኮ ነፍሷን አትርፌያለሁ! ያ አይቆጠርም?»

«ይቆጠራል» አለች ዴዝሊ። «እኛ ባንዋሽ ግን ውሃው ውስጥ አትገባም ነበር።»

እስከ ቦወን ነጭዋ ቫን አልታየችም። ጋርዝ ግን ከልማድ በየደቂቃው መስተዋቱን ያይ ነበር።

ማንጎው ከተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሥራ ወጥተው እግራቸውን ሲታጠቡ ጋርዝ ድንገት «ደወልኩ» አለ።

«ማን ጋ?»

«ጠባቂዎቹ ጋ። ያን ቀን ዋሽቻለሁ፣ አይተነው ነበር አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«ጻፉት። እናመሰግናለን አሉኝ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እኔን! እናመሰግናለን አሉኝ፣ ዴዝ።»

በታኅሣሥ መጨረሻ ማርኒ የምትባል ወሬኛ ሴት ከደቡብ መጥታ ከዴዝሊ አጠገብ፣ ማንጎ እየተንሸራተተ በሚያልፍበት መልቀሚያ ላይ ቆመች። እጇ ሲሠራ አፏም ይሠራል።

«ዬፑን የምትባል ከተማ አንዲት አሮጊት አገኘን፣ በቫን ብቻዋን የምትዞር። ውሻዋን አዞ በልቶባት። ጎረቤቶቿ ጉድ ናቸው! አይተው ዝም ብለው፣ እራቷን በልተው፣ በኋላ ባልየው ነፍስ አዳኝ ተብሎ ተመሰገነ አሉ። ሚስትየዋ ደግሞ፣ ስጠይቃት ዓይኔን እያየች ምንም የለም አለችኝ ትላለች አሮጊቷ። እንዲህ ያለ ሰው አለ?»

ዴዝሊ የያዘችውን ማንጎ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠች።

«ሚስትየዋ እኔ ነኝ» አለች።

ማርኒ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቷን አየችና ሳቋ ጠፋ። ማንጎዎቹ ሳይለቀሙ በፊታቸው አለፉ።

«ብቻዋን ናት አልሽኝ» አለች ዴዝሊ። «ቫኑን አልሸጠችውም ማለት ነው?»

«አልሸጠችም» አለች ማርኒ እያመነታች። «እራሷ ትነዳለች። ደህና ናት።»

ዴዝሊ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። በማግስቱ ማርኒ አለቃውን አስፈቅዳ ከመልቀሚያው ሌላ ጫፍ ሄዳ ቆመች። ከዚያ ወዲያ ዴዝሊን የሚያዋራት አልተገኘም፤ እሷም ማንንም አልወቀሰችም።