ያሸግኩት በርበሬ

የእህልና ቅመም ሻጭ ድርጅታችን ዋና ቢሮ ወልቂጤ ነው። ዘንድሮ አዲስ መመሪያ ወጣ፤ የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ በዓመት አንድ ሳምንት ከሱቆቻችን በአንዱ ገብቶ ይሸጣል። ብዙዎች አጉረመረሙ። እኔ እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። ዕጣዬ ቡታጅራ ወጣ።

ቡታጅራን የፈራሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ለዚያው ሱቅ የአካባቢው የመስቃን ገበሬዎች የሚያመጡልን ዛላ በርበሬ በጆንያ መሸጡ ቀርቶ በላስቲክ ይታሸግ ብዬ ጥናት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከታሸገ ወዲህ ገዢ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ባልቻ ጥፋቱን በበርበሬው ላይ ጥለው የገበሬዎቹን ውል የሚያፈርስ ደብዳቤ አስጽፈዋል። ዓርብ ይፈርሙበታል።

የሱቁ ኃላፊ ሀያቱ ሽርጥ ሰጠችኝና፣ «ናጃህ፣ እዚህ ቆሞ ነው የሚዋለው። ወንበሩን ወልቂጤ ትተሽዋል» አለችኝ።

ረቡዕ ዕለት አሚኔ የሚባሉ እናት ከእንሴኖ መጡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ከሀያቱ ጋር ሰላምታ ተለዋውጠው አንዱን እሽግ አገላበጡት።

«ክፈቺልኝ ልጄ።»

«አይከፈትም፣ እማማ።»

«ለምን? ሙሽራ ነው እንዴ?»

ሀያቱ በሳቅ ፈረሰች። «ኧረ ሙሽራዋም ትገለጣለች! ይኼ ወር ሙሉ እንደተሸፈነ ነው።»

እኔ አልሳቅኩም። መቀስ አነሳሁና ላስቲኩን ቀደድኩት። እማማ አሚኔ አንድ ዛላ አውጥተው ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት። ከውስጥ ምንም አልተንኮሻኮሸም።

«እንኪ ስሚው» አሉኝ። «በደንብ የደረቀ ቢሆን ፍሬው ይንኮሻኮሽ ነበር። ይኼ ርሷል። ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ ረጭተውበታል ይላል ሰው።»

«ማንም አልረጨበትም።»

«ታዲያ ምን አራሰው?»

ሀያቱ ከመጋዘን ገና ያልታሸገ ጆንያ ጎትታ አመጣች፤ የዚያው ገበሬ በርበሬ ነው። እማማ አሚኔ ነቀነቁ፣ ሰበሩ፣ አሸተቱ፤ ሦስት ጊዜ አስነጠሳቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ በርበሬ ይሉሻል ይኼ ነው» ብለው ለሠርጉ የሚበቃቸውን አስመዘኑ።

ያን ጊዜ ገባኝ። በርበሬው ያላበው እኔ ባፈንኩበት ላስቲክ ውስጥ ነው።

ስልኬን ይዤ ወደ ጓሮ ልወጣ ነበር፤ ሰው እየሰማኝ ማውራት አልችልበትም። በሩ ጋ ስደርስ ተመለስኩ። ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ደወልኩ።

«አቶ ባልቻ፣ በርበሬው ደህና ነው። ያበላሸው ማሸጊያው ነው።»

«ጥናቱ እንደዚያ አይልም እኮ።»

«ጥናቱ ተሳስቷል።»

«ማነው ያጠናው?»

«እኔ ነኝ።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ገዢዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ፤ ስልኩን ግን አልዘጋሁም።

«ይህን በጽሑፍ ታቀርቢዋለሽ? በስምሽ?» አሉኝ።

«ዛሬውኑ፤ ፈርሜበት።»

ዓርብ ደብዳቤው አልተፈረመም። የገበሬዎቹ ውል ጸና። እኔና ሀያቱ የቀሩትን እሽጎች ቀደን በርበሬውን ከሱቁ ጀርባ ሸራ ላይ አሰጣነው። እጄ እስከ ክርኔ ድረስ ተቃጠለ። ሀያቱ «የቢሮ እጅ!» እያለች ሳቀችብኝ፤ ቀጥላ ግን ዘይት አምጥታ ራሷ ቀባችኝ።

ሰኞ ቢሮ ስገባ አንዱ ባልደረባዬ «ቅጣትሽን ጨረስሽ?» አለኝ።

«ቅጣት አልነበረም» አልኩት፣ ሁሉም እየሰሙ። «የሚቀጥለው ተራዬም ቡታጅራ እንዲሆን አመልክቻለሁ።»