ለሚስትም የማይከፈት በር

ባሌ የትምህርት ቤት ጥበቃ ነው። ቤት ውስጥ ካልሲውን ፈልጎ የማያገኝ ሰው፣ በሩ ላይ ሲቆም ጄኔራል ይሆናል።

ባለፈው ሐሙስ ዳቦ ቤት የምትሠራው ጎረቤቴ ደወለችልኝ። ምድጃው ተበላሽቶ ሥራው ተጓትቶባት ኖሮ፣ የአንደኛ ክፍል ልጇን ባሌ ከሚጠብቀው ትምህርት ቤት እንዳመጣላት ለመነችኝ። እኔም በሩ የቤቴ በር ይመስል ዘና ብዬ ሄድኩ።

ሌሎቹ ልጆች ሄደዋል። ልጅቷ ቦርሳዋን ታቅፋ ከአጥሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። «እትዬ!» ብላ ዘለለች። ባሌ ግን መዝገቡን ገለጠ።

«ይቅርታ እመቤት፣ ስምዎ እዚህ የለም።»

«እመቤት? አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይ መታህ እንዴ?»

«ልጅ የሚረከበው የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ከዚህ እስክትወጣ ድረስ በሕግ የምንጠየቀው እኛ ነን።»

«እናቷ ናት የላከችኝ!»

«ደወልኩላት፤ አታነሳም።»

«እንግዲያው እራትህን መዝገቡ ያቅርብልህ!»

ልጅቷ «እማዬ ረሳችኝ?» ብላ ከንፈሯን ጣለች።

«ሃያ ዓመት አብረኸኝ ኖረህ አታውቀኝም?»

ወደ ፍርግርጉ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያንንም ሰውዬ አውቀው ነበር።»

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ባሌ ሁልጊዜ ሰላም የሚለውን የአንድ ልጅ አጎት አምኖ ከፍቶለት፣ ሰውዬው ልጁን ይዞ ተሰውሮ ነበር። ልጁ በሁለተኛው ቀን ሌላ ከተማ መናኸሪያ ውስጥ በደህና ተገኘ። እስኪገኝ ድረስ ግን ባሌ እህል ውሃ በአፉ አልዞረም።

ከዚያ ወዲያ አልተከራከርኩም። ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ እጄን በፍርግርጉ አሾለክሁላት፤ ጣቴን ጨበጠች። ባሌ ካፖርቱን አውልቆ አለበሳትና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እናትሽ አልረሳችሽም፣ የኔ እናት። እስክትመጣ የትም አልሄድም።»

«ቢመሽስ?»

«ቢመሽም።»

እናትየው እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሳ እየሮጠች መጣች። ልጇን አቅፋ እኔን ከውጭ ስታይ ግራ ገባት።

«ጋሼ፣ ለእሷም አልሰጥም አሉ?»

«ለእሷም» አለ፣ ቁጣዋን እየጠበቀ።

ትከሻውን ሳመችው። «እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ሊጥ ሳቦካ ልቤ አይሸበርም» አለችና እኔንም እንዲመዘግበኝ ጠየቀችው።

ሌላ ተመዝጋቢ ሳይኖር ፊቱ ቆሜ ሳለሁ ብዕሩን አነሳ፤ «ተራዎን ይጠብቁ» አለኝ።