ያቺኛዋ

መንታ ናቸው። አንደኛዋ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀድማ ስለተወለደች ትልቋ ትባላለች። ሁለተኛዋን ግን ትንሿ የሚላት አልነበረም። ሰው ሁሉ ትልቋን ሰላም ብሎ ሲያበቃ ወደ እሷ ዞር ይልና «ያቺኛዋስ፣ ደህና ነሽ?» ይላታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ያቺኛዋ መጠሪያዋ ሆኖ ቀረ።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ከፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ትሠራለች። ለልጆቿ ስትቆርጥ ጨርቁን አጥፋ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው የምታወጣው። «ሁለቴ መለካት ለምኔ!» ትላለች። አባታቸው የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ሲደውል ከ«ሃሎ» ቀጥሎ የሚጠይቀው «የቷ ነሽ?» ብሎ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቀልድ ያልሳቀ ዘመድም ደንበኛም የለም። ያቺኛዋም አብራ ትስቃለች። የሆነ ነገር ለመናገር ስትከጅል ግን ትልቋ ትቀድማታለች፤ እሷም ያሰበችውን መልሳ ትውጠዋለች።

ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርት ቤቱ ለያያቸው። ትልቋ ሀ፣ ያቺኛዋ ለ ተመደቡ። የሂሳብ መምህራቸው ግን አንድ ነበር፤ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ እጅጌው ከጠመኔ ጸድቶ የማያውቅ ቀጭን ሰውዬ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ትልቋ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ዛሬ የሂሳብ ፈተና አለብኝ። አንድ ገጽ አላነበብኩም። አንቺ ግቢልኝ።»

«በዚያ ሰዓት ስፖርት አለኝ እኮ።»

«እሱን እኔ እሮጥልሻለሁ። ደግሞ ማን ሊለየን!»

ያቺኛዋ እህቷን እምቢ ብላ አታውቅም። መጸዳጃ ቤት ገብተው ደብተርና መታወቂያ ተለዋወጡ።

ፈተናው አምስት ጥያቄ ነበር። አራተኛው ላይ ስትደርስ መምህሩ ያስተማራቸው መንገድ አንድ ገጽ የሚፈጅ ሆኖ አገኘችው። አጠር ያለ መንገድ ደግሞ ወለል ብሎ ታያት። ሌላ ቀን ቢሆን አትደፍረውም። ያን ዕለት ግን ወረቀቱ አናት ላይ ያለው የእህቷ ስም ነው፤ ቢበላሽም በትልቋ ነው። እጇ ቀለላት። በስድስት መስመር ጨረሰችው። ውጭ ሜዳው ላይ ደግሞ የስፖርት መምህሩ «ያቺኛዋ ዛሬ ምን በልታ ነው?» እያለ ያጨበጭብ ነበር።

በማግስቱ የራሷ ክፍል ተፈተነ። ቁጥሮቹ ተቀየሩ እንጂ ጥያቄዎቹ ያው ናቸው። አቋራጩን ጻፈችና አየችው። «ያልተማርነውን ከየት አመጣሽው ቢለኝስ?» ብላ በላጲስ አጠፋችው። ረጅሙን መንገድ ስትሄድ መሃል ላይ አንድ ቁጥር ሳተች፤ አምስተኛውን ሳትጀምር ደወል ተደወለ።

ሰኞ መምህሩ አንድ ወረቀት ለብቻው ይዞ ገባ። «ይኼ የዘጠነኛ ሀ ተማሪ ሥራ ነው» አለና ስድስቱን መስመር ሰሌዳው ላይ ገለበጣቸው። «ሃያ ዓመት ሳስተምር እንዲህ የሠራልኝ ከሦስት ተማሪ አይበልጥም።» ከዚያ ለያቺኛዋ ሰባ አንድ የተጻፈበትን ወረቀት ሰጣት። «እህትሽ ዘጠና ስድስት አመጣች። አንድ ቤት እያደራችሁ ምናለ ከእሷ ብትማሪ?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ሰሌዳውን አየች። ስድስቱም መስመር የእሷ ነው። ፊቷ ላይ ደስታ ሊመጣ ሲል ሰባ አንዱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ቤት ስትደርስ ትልቋ ወሬውን ቀድማ አድርሳለች። እናትየው የስፌት መኪናዋን አቁማ ትልቋን አገላብጣ ትስማለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ለጎበዞች የሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ገባች!» አለችና ያቺኛዋን ስታይ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺም አይዞሽ። ያንቺም ቀን አለ።»

መኝታ ክፍል ገብተው በሩ እንደተዘጋ ትልቋ «ቅዳሜ አንቺ ትሄጃለሽ» አለቻት።

«በየሳምንቱ?»

«ታዲያ እኔ ሄጄ ልዋረድ?»

«እምቢ።»

ትልቋ የሰማችውን አላመነችም። «ምን አልሽ?»

«እምቢ አልኩ።»

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ያቺኛዋ የመምህራን ክፍል በር ላይ ደርሳ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። በሦስተኛው ገባች።

«ቲቸር፣ የዘጠነኛ ሀውን ፈተና የሠራሁት እኔ ነኝ።»

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። «የኔ ልጅ፣ እህት በእህቷ ብትቀና ያለ ነው። ግን እንዲህ አይባልም።»

ይቆጣኛል ብላ እንጂ አያምነኝም ብላ አልመጣችም። ጠረጴዛው ላይ ያገኘችውን እርሳስ አንስታ «ሌላ ጥያቄ ይስጡኝ» አለች።

ሰጣት። እንደቆመች፣ ወረቀቱን ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ አድርጋ ሠራችው። ቁጥሮቹ ተንጋደዋል። መልሱ ግን ትክክል ነበር።

መምህሩ ወረቀቱን ደጋግሞ አየው። «ታዲያ በራስሽ ስም ምነው ሰባ አንድ?»

«የራሴ ሲሆን እፈራለሁ። በእሷ ስም ግን ብሳሳትም የተሳሳትኩት እኔ አይደለሁም።»

መምህሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ይኼን ሰምቼ ዝም እንደማልል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ሁለቱም ዜሮ ተሰጣቸው፤ እናትየው ተጠራች። ዳይሬክተሩ ፊት አንገቷን ደፍታ አዳመጠችና ቤት ሲደርሱ ፈነዳች። «ዓይናችሁን በጨው አጥባችሁ መምህር ታታልላላችሁ? ያሳደግኳችሁ እንዲህ ነው?» የዚያን ቀን ደንበኛ እንኳ ቀና ብላ አላናገረችም።

በሦስተኛው ቀን ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ያቺኛዋን ጠራቻት። «ነይ ልለካሽ። ለብቻሽ።» ትከሻዋን ለካች፤ ደገመች። «ከእህትሽ በሁለት ጣት ይሰፋል! እስከ ዛሬ ሲጠብሽ ነበር?»

«ብብቴ ሥር ይይዘኛል።»

«ምነው ታዲያ አፍ የለሽም?»

«እሷ ስላልጠበባት ነዋ።»

እናትየው ሜትሩን ጠቅልላ ተቀመጠች። «ምን ዓይነት ይሁንልሽ?»

ያቺኛዋ ብዙ አሰበች። «አላውቅም።»

«እሺ። ስታውቂ ንገሪኝ።»

ከትልቋ ጋር ግን ሆድና ጀርባ ሆኑ። «ሸጥሽኝ» ካለቻት በኋላ ሦስት ሳምንት አላናገረቻትም፤ አንድ አልጋ ላይ መሃላቸው ትራስ አስቀምጠው ይተኛሉ። ያቺኛዋ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ልትጠይቅ ተነስታ ተወችው። «ያጠፋሁት የቱን ነው?» ብላ መልሳ ተኛች።

አንድ እሁድ ከሰዓት ልብስ ሲያጥፉ ትልቋ ሳታያት ተናገረች። «ሁሉን የማውቅ እመስልሻለሁ፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እኔስ ከምላሴ በቀር ምን እንዳለኝ አላውቅም።»

ያቺኛዋ እህቷ እንዲህ ስትል ሰምታ አታውቅም። የያዘችውን ሸሚዝ አስቀምጣ «ትሮጫለሽ» አለቻት።

«እሱም ባንቺ ስም ነው!» አለች ትልቋ። ሁለቱም ሳቁ። ያን ቀን ትራሱ ተነሳ።

በዓመቱ መጨረሻ ያቺኛዋ በሂሳብ ሰማንያ አራት አመጣች። በቀጣዩ ዓመት በራሷ ስም የቅዳሜው ትምህርት ገባች። በመጀመሪያው ቀን እጇን አውጥታ መለሰች፤ ተሳሳተች። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። ጆሮዋ ጋለ።

«እስቲ ነይና የት ላይ እንደሳትሽ ፈልጊው» አላት መምህሩ።

ወጥታ ጠመኔውን ተቀበለች። ልጁ አሁንም ይስቃል። ጀርባዋን ሰጥታው ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አገኘችው፤ አንድ ቅንፍ ረስታ ነበር።